«ሶሪ» ብሎ መሄድ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከእኔ ፊት ነጠላቸውን የተከናነቡ፣ ከሩቅ አገር የመጡ መሆናቸው ከያዙት ስንቅ የሚታወቅ አንዲት እናት ቆመዋል። ተራቸው ደርሶ ወረቀታቸውን በመስኮቱ ባሳለፉ ጊዜ፣ ከውስጥ የተቀመጠው ወጣት ጥቂት አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «ሶሪ እማማ፣ ፋይሉ አልተገኘም» ብሎ ወረቀቱን መለሰላቸውና «ቀጣይ!» አለ። እሳቸውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ምን አለኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም እንግሊዝኛ በማወቄ ጥቂት ደስ እያለኝ፣ «ፋይሉ አልተገኘም፤ አዝናለሁ ነው የሚልዎ» ብዬ ተረጐምኩላቸው። እናት ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ፣ «ቢያዝንልኝማ ይፈልግልኝ ነበር» አሉና ሄዱ።

ውድ አንባብያን፣ እኚህ እናት በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሱትን ነገር ይህ ጸሐፊ ከመጻሕፍት ጋር ሲታገል ከርሞ ገና አሁን ነው የደረሰበት። እኔ ቃሉን ተረጐምኩላቸው፤ እሳቸው ግን ቃሉን መዘኑት፤ ሚዛናቸውም ትክክል ነበረ። ሐዘን እውነተኛ ከሆነ ተነሥቶ ይፈልጋል፣ ይጠይቃል፣ ያመጣል። እውነተኛ ካልሆነ ግን ከመስኮት ወዲያ ተቀምጦ «ቀጣይ!» ይላል። ስለዚህ በዚህች መጽሔት ላይ ስለዚህች አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ጥቂት ለመናገር ተነሥቻለሁ። ቃሏ ትንሽ ናት ብሎ የሚንቅ አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

እንደሚታወቀው ዛሬ በከተማችን «ሶሪ» የማትገባበት ቤት የለም። በታክሲ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ «ሶሪ» ይላል። ቀጠሮ ያፈረሰ «ሶሪ» ይላል። የተበደረውን ገንዘብ በቀኑ ያልመለሰ «ሶሪ፣ እስከ ወር መጨረሻ ታገሠኝ» ይላል። በመሥሪያ ቤት ያለው ደግሞ «ሶሪ፣ ሲስተም የለም» ብሎ ሰልፈኛውን ሁሉ በአንድ አፍ ይበትናል። ከዚህም አልፎ፣ እናቱ የሞተችበትን ጓደኛውን በስልክ ሲያጽናና «በጣም ሶሪ» ያለ ተማሪ በዚሁ በግቢያችን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እግር የረገጠውና እናት የሞተችበት በአንድ ቃል የሚስተናገዱ ከሆነ፣ ቃሉ በጣም ሰፊ ነው፤ ወይም ደግሞ እኛ በጣም ቸኩለናል።

በእርግጥ ቃሉ በራሱ አገርም ሰፊ ነው። እንግሊዝ «ሶሪ» ሲል ከአምስት ወይም ከስድስት ነገሮች አንዱን ይላል። አጥፍቶ እንደ ሆነ ይጸጸትበታል። ሌላው ተጐድቶ እንደ ሆነ ያዝንለታል። የተናገሩት ነገር ካልተሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ሲል «ምን አሉ?» ማለቱ ነው። በሰው መካከል ለማለፍ ወይም ንግግር ለማቋረጥ ሲፈልግ «ሶሪ» ይላል። የተለመነውን ሲነፍግም በዚችው ቃል ይነፍጋል። ከስም በፊት ስትቀመጥ ደግሞ ሌላ ናት፤ «ሶሪ ፈረስ» ቢል ፈረሱ ይቅርታ ጠየቀ ማለት ሳይሆን ከሲታ፣ የተጐሳቈለ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ፈረስ ማለት ነው።

ኬት ፎክስ የምትባል እንግሊዛዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ወገኖቿ ጠባይ ባሳተመችው መጽሐፍ እንደ ተረከችው፣ በሕዝብ ቦታ ሆን ብላ ሰዎችን እየገጨች ምን እንደሚሉ ታዳምጥ ነበር። ብዙዎቹ፣ ገጪዋ እሷ ሳለች፣ የተገጩት እነሱ ሆነው «ሶሪ» አሏት። እንግዲህ ቃሉ በእንግሊዞች አፍ ውስጥ ከመለመዱ የተነሣ ከጥፋትም ከሐዘንም ተለይቶ የትሕትና ልማድ ብቻ ሆኖ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቃሉ ዘር ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ የወጣበትም «ሳር» የሚለው ቃል በዚያ ቋንቋ ሕመም ወይም ቍስል ማለት ነው። ዛሬም እንግሊዞች የቆሰለ ወይም የሚያም አካልን የሚጠሩበት «ሶር» የሚለው ቃል ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ሐዘን የሚባለው «ሶሮው» በድምፅ ቢመስለውና በትርጉም ቢቀርበውም በዘሩ ሌላ ነው። እንግዲህ «ሶሪ» ያለ ሰው በመጀመሪያው ትርጉም «አሞኛል፣ ቆስያለሁ» ማለቱ ነበር። ከባድ ቃል ነበረ! ያ ቍስል በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ደርቆ ደርቆ፣ ወደ እኛ ሲደርስ ጠባሳው እንኳ አልታየም።

ነገር ግን አንድ ነገር ከጥንት እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ይኸውም «ሶሪ» የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ነው። «እኔ አዝናለሁ፣ እኔን አሞኛል» ይላል እንጂ ማን ምን እንዳደረገ አይልም፤ ከተበደለውም ምንም አይጠይቅም። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸውና ከሞቱ በኋላ በ1962 በታተሙት ትምህርቶች ይህንኑ ነገር ነክተውታል። እሳቸው እንደሚሉት አንዳንድ ቃል ነገርን የሚያወራ ሳይሆን ራሱ ሥራ ነው፤ ሰው «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ሲል መናገሩ ራሱ መጠየቅ ነው። «ሶሪ ነኝ» የሚለው ግን ግማሹ ሥራ፣ ግማሹ ወሬ ነው፤ ሰውየው ይቅርታ እየጠየቀ ይሁን ወይም ስለ ሆዱ ሁኔታ እየነገረን ይሁን ቃሉ ብቻውን አይለየውም።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የእኛ ሰው ለእነዚህ ሁሉ ነገሮች ለየራሳቸው ቃል ነበረው፤ አሁንም አለው። ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ እናት «እኔን!» ትላለች። ይህን ቃል ቆም ብላችሁ አስቡት። «አንተን ከሚያገኝህ እኔን ያግኘኝ» ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሐዘኔታ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል? የተቸገረ ሰው ሲገኝ «አይዞህ» ይባላል። ለቅሶ ቤት የገባ ክርስቲያን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ሙስሊሙም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላል። ሁለቱም «እኔ አዝናለሁ» ብለው ስለ ራሳቸው አይናገሩም፤ ለሐዘንተኛው ጽናትን ይለምኑለታል እንጂ።

ጥፋት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዳዩ መጀመሪያ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ይህ ማመን ነው። ቀጥሎ «ይቅር በለኝ» ይላል። ይቅርታ የሚለው ቃል «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ነገሩ ይቅር፣ ይተው» ማለት ነው። ነገሩ እንዲቀር ማድረግ የሚችለው ማን ነው? በዳዩ አይደለም፤ ተበዳዩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይቅርታ» ያለ ሰው ሥልጣኑን አስረከበ ማለት ነው፤ በተበዳዩ ደጅ ቆመ፤ «እሺ» ወይም «እምቢ» ሊባል ተዘጋጀ። ሦስተኛው ካሳ ነው። በአገራችን ሽምግልና ላይ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ሲወድቅ ያየ ሰው፣ ሽማግሎቹም «ይቅር በለው» ካሉ በኋላ «ምን ይካስ?» ብለው ሲከራከሩ የሰማ ሰው፣ የምለው ነገር ይገባዋል። ማመን፣ መጠየቅ፣ መካስ፤ ሦስቱ እግሮች እነዚህ ናቸው። «ሶሪ» ግን በአንድ እግሩ ቆሞ የሦስቱን ሥራ ሊሠራ ይሞክራል።

ይህን ስል ንጹሕ ሰው ሆኜ ሌላውን ልወቅስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። አምና በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ፈተና ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የክፍል ጓደኛዬን ደብተር ተውሼ በታክሲ ውስጥ ረሳሁት። ደብተሩ የአንድ መንፈቅ ዓመት ድካም ነበረ፤ ጓደኛዬ ከትምህርት ክፍል ቀርቶ አያውቅም፤ እጅ ጽሑፉም የታወቀ ነው፤ እኔ የተዋስኩትም ስለዚሁ ነበር። ማታ አገኘሁትና «ሶሪ፣ ደብተርህ ጠፋብኝ» አልኩት። «ችግር የለም» አለኝ። እኔም ችግር የለም ከተባለ ችግር የለም ብዬ እራቴን ልበላ ሄድኩ።

ጓደኛዬ ከሰው ደብተር እየለመነ አጠና፤ ፈተናውንም እንደ ልማዱ ሳይሆን በመጠኑ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ነገር ግን አብሮኝ አይቀመጥም። ወሩ አለቀ። እኔም ተቀየምኩ! «ሶሪ ብየዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን አድርግ ነው የሚለኝ?» እያልኩ ለሰው አወራ ጀመር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት ሳውቀው የኖርኩ ሰው፣ ወጊው እኔ ስሆን ተረቱ ጠፋኝ።

በመኝታ ክፍላችን ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ገጠር አስተማሪ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አለ፤ «ጋሼ» እንለዋለን። አንድ ማታ ይህንኑ ብሶቴን ሳወራ ሰምቶ፣

«ለመሆኑ ምን አልከው?» አለኝ።

«ሶሪ አልኩት፣ ጋሼ።»

«እሱማ ያንተን ሆድ ነገርከው። የሱን ሆድ ማን ጠየቀው?»

መልስ አላገኘሁም። በማግሥቱ ከሌላ ተማሪ ደብተር ለመንኩና የዚያን ትምህርት ማስታወሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ገለበጥኩ። ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ለጓደኛዬ ወስጄ ስሰጠው፣ «ደብተርህን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ እንዴት እንደምታጠና አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁህም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ደብተሩን አገላብጦ አየና፣ «ፈተናው እኮ አልፏል» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም «እጅ ጽሑፍህ ግን አያስነብብም» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ምሳ አብረን በላን። ከዚህ የተማርኩት ነገር፣ ካሳው ለፈተናው ባይጠቅም እንኳ ለቃሉ እንደሚጠቅም ነው። ያለ ዐሥራ አንዱ ቀን «ይቅር በለኝ» ማለቴም ሁለተኛ «ሶሪ» በሆነ ነበር።

ይህ በሁለት ተማሪዎች መካከል የሆነ ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በመንግሥታትና በሕዝቦች መካከልም ያው ቃል ያንኑ ሥራ ሲሠራ እናያለን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 የአሜሪካ የባሕር ኃይል የስለላ አውሮፕላን ከቻይና ተዋጊ አውሮፕላን ጋር በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ዋንግ ዌይ ሞተ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ያለ ፈቃድ በሃይናን ደሴት አረፈና 24 ሰዎቹ ተያዙ። ቻይና «ይቅርታ ጠይቁ» አለች፤ አሜሪካ «አላጠፋንም፤ አንጠይቅም» አለች። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ጠብ በአንድ ቃል ላይ ቆመ። በመጨረሻ አሜሪካ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ «በጣም ሶሪ» የሚል ሁለት ጊዜ ገባ፤ አንዱ ስለ ሞተው አብራሪ፣ ሁለተኛው ያለ ቃል ፈቃድ ወደ ቻይና የአየር ክልል ስለ መግባት። ሰዎቹ ተለቀቁ። ቻይና ለሕዝቧ «ይቅርታ ጠየቁን» አለች፤ አሜሪካም ለሕዝቧ «አዘንን እንጂ ይቅርታ አልጠየቅንም» አለች። ሁለቱም ያሉት በቃሉ ውስጥ ነበረ። በዚያ ቀን የቃሉ ድፍርስነት ጦርነትን አራቀ ይባል ይሆናል፤ እኔም በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ለዲፕሎማቶች የሚጠቅም ድፍርስ ውኃ ለቤት ውስጥ መጠጥ አይሆንም።

የሕግ ሰዎችም ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሕግ፣ አደጋ ላደረሰበት ሰው የሐዘኔታ ቃል የተናገረ ሰው ቃሉ በፍርድ ቤት ለጥፋቱ ማስረጃ እንዳይሆንበት ተደረገ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ደግሞ በ2006 ከዚህ ርቆ፣ ይቅርታ መጠየቅም ራሱ ጥፋትን እንደ ማመን እንዳይቈጠር ደነገገ። የሕጎቹ አሳብ በጎ ነው፤ ሐኪሙ ወይም ሹፌሩ ክስ ፈርቶ ሐዘኑን በሆዱ እንዳይቀብር ነው። የሆነ ሆኖ ከዚህ የምንማረው አለ፤ በእነዚያ አገሮች ሐዘኔታና እምነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በሕግ መጽሐፍ ተጽፏል። እኛ ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እንቀላቅላለን።

ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ የሚሆነን የአውስትራሊያ ነገር ነው። በዚያ አገር መንግሥት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጥንቶቹን ነዋሪዎች ልጆች ከእናቶቻቸው እየነጠቀ በነጮች ተቋማትና ቤቶች ያሳድግ ነበር። ይህ ግፍ በመንግሥት በተቋቋመ ምርመራ ተጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በይፋ ወጣ። የተበደሉት የጠየቁት ብዙ ነገር ቢሆንም፣ የአገሩ ክርክር ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ፤ መንግሥት «ሶሪ» ይበል ወይስ አይበል? ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ1999 ፓርላማው ጥልቅ ጸጸቱን እንዲገልጽ አደረጉ እንጂ «ሶሪ» የሚለውን ቃል ለመናገር አልፈቀዱም፤ የዛሬው ትውልድ በቀድሞው ሥራ አይጠየቅም የሚል ነበር ክርክራቸው። በ2000 በሲድኒ ድልድይ ላይ ቍጥሩ የበዛ ሕዝብ ለዕርቅ በሰልፍ ባለፈ ጊዜ አንድ አውሮፕላን «ሶሪ» የሚለውን ቃል በጢስ በሰማይ ላይ ጻፈው። በመጨረሻ የካቲት 13 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ቆመው ቃሉን ተናገሩት፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች አለቀሱ።

እንግዲህ ባለቤቶቹ አንዲት «ሶሪ» ለማግኘት ከዐሥር ዓመት በላይ የተከራከሩባትን ቃል፣ እኛ በአንድ ሰዓት የታክሲ ጉዞ ውስጥ ሰባት ጊዜ እንበትናታለን ማለት ነው። ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። የአውስትራሊያ ጥንታውያን ሕዝቦች በሚናገሩት እንግሊዝኛ «የሶሪ ሥራ» የሚባለው ለቅሶና የሐዘን ሥርዓት ነው፤ ዘመድ አዝማድ ከሩቅ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት። እነሱ ከቅኝ ገዥዎቻቸው የተቀበሉትን ቃል ወደ ጥንታዊ ሕመሙ መለሱት። ይሁን እንጂ የ2008ቱ ንግግር ካሳ አልነበረውም፤ ብዙዎቹም ይህን ወቅሰዋል። የፌዴራሉ መንግሥት በሚያስተዳድራቸው ግዛቶች ለተነጠቁት በሕይወት ላሉ ሰዎች የካሳ ክፍያ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2021 ነው። በቃሉና በካሳው መካከል 13 ዓመት አለፈ። በዚያ መካከል የሞቱት ቃሉን ሰሙ፤ ካሳውን ግን አላዩም።

ይህን ጽሑፍ ገና በረቂቅ ሳለ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ ተቈጣኝ። ያለኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ነገሩ ሚዛን አለውና። «አንተ ስለ ቃላት ትመጻደቃለህ» አለኝ፤ «የእኔ አባት በሕይወቱ ለልጅ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። በእኛ ቤት አባት አያጠፋም፤ ቢያጠፋም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። አንድ ጊዜ ያልሰረቅሁትን ገንዘብ ሰርቀሃል ብሎ ገረፈኝ። ገንዘቡ በኋላ ከኮቱ ኪስ ተገኘ። ማታ ወደ መኝታዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ «ሶሪ፣ ልጄ» አለኝ። እንግሊዝኛ አይችልም። ቃሏን ከእኛ ከልጆቹ ነው የሰማት። ይቅርታ የሚለው ቃል በጕሮሮው አላልፍ ስላለው በሰው ቋንቋ ተበድሮ አመጣልኝ። እኔ ያችን ሶሪ በመቶ ይቅርታ አልለውጣትም።»

ይህን ስሰማ ረቂቄን ልቀደው ደርሼ ነበር። ጓደኛዬ እውነት አለው። የራሳችን ቃል ሲከብድ፣ ከኩራታችንም ብዛት በአፋችን ሊገባ እምቢ ሲል፣ የባዕድ ቃል ለኩሩ ሰው እንደ ትንሽ የጓሮ በር ሆና ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ትረዳዋለች። በናይጄሪያና በጋናም እንዲሁ ሆኗል። እዚያ ሰው ሲደናቀፍ ያየ መንገደኛ፣ ምንም ሳያጠፋ «ሶሪ!» ይለዋል። እንግሊዙ «አንተ ምን አደረግህና?» ብሎ ይደነቃል። እነሱ ግን ዮሩባዎች «ፔሌ» የሚሉትን፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም በምሥራቅ «ፖሌ» የሚሉትን፣ እኛም «እኔን» የምንለውን ርኅራኄ ነው በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የጨመሩት። ቃል መዋስ ነውር አይደለም። ነውሩ ባዶውን ተውሶ ባዶውን ማከፋፈል ነው።

ደግሞስ «ይቅርታ» ራሷ ባዶ ልትሆን አትችልምን? «ይቅርታ አንዴ» ብሎ ሰልፍ የሚጥስ፣ «ይቅርታ አድርግልኝና አንተ ደንቈሮ ነህ» ብሎ የሚሳደብ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ጦርነቴ ከአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አይደለም። የጓደኛዬ አባት «ሶሪ» ያሉት በበሩ ላይ ረጅም ጊዜ ቆመው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወጣት «ሶሪ» ያለው «ቀጣይ!» ለማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመዝገበ ቃላት አይገኝም። አንዱ ቃሉን ተናግሮ ቆመ፤ ሌላው ቃሉን ተናግሮ ሄደ።

እኛ ነገ ከዚህ ወጥተን ከእነዚያ መስኮቶች ወዲያ የምንቀመጥ ነን። አስተማሪ፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ የመዝገብ ቤት ሹም የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ በደብተር የለመድነውን ነገ በሰው ፋይል እናደርገዋለን፤ ከነገ ወዲያም በሰው ሕይወት። ስለዚህ አንድ ተራ ነገር ላሳስብ። «ሶሪ» ማለት ካስፈለገን እንበል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ ከመሄዳችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጨምር፤ ያጠፋሁት ይህ ነው፤ አንተን የጐዳህ ይህ ነው፤ እኔ የማደርገው ይህ ነው። አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ያ ወጣት «ሶሪ እማማ፤ ፋይሉ የጠፋው በእኛ ነው፤ ከሩቅ አገር መመላለስ ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ገብቼ ልፈልግ» ቢል ኖሮ ከእንጀራው ምን ይጐድልበት ነበር? ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት።

እኔም ያን ቀን ከሰልፉ አልወጣሁም። እናት ሲሄዱ ዐየኋቸው፤ «ይጠብቁኝ፣ አብሬዎ ልጠይቅ» ማለት ስችል ተራዬ እንዳይወሰድብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ከተረጐምኩላቸው ቃል በቀር ምንም አልሰጠኋቸውም። ስማቸውን አላውቅም፤ ወደ የት እንደ ሄዱም አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍ መጨረሻው ላይ ለእሳቸው አንድ ቃል ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን የትኛውን ቃል ብጽፍ እሳቸው ምን እንደሚሉኝ አስቀድሜ አውቀዋለሁ።